ሠንጠረዡስ ደረሰን፣ ስክሪፕቱን የት እናንብብ?

ክቡር አዘጋጅ፣ ሰላም ጤና ይስጥልኝ።

ስለ አገር ውስጥ ፊልሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የፊልሞቻችን ትልቁ በሽታ ድርሰቱ ነው፣ ጀማሪ ጸሐፊዎች የታሪክ አወቃቀር አያውቁም፣ ሦስቱን የፊልም ታሪክ ክፍሎች (ማስተዋወቂያ፣ ግጭትና መፍቻ) ይማሩ ትላላችሁ። በበሽታው ላይ አልከራከርም። እዚህ ደብረ ማርቆስ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ፊልም የሚያይ ሰው እኮ ከእናንተ የባሰ ነው የሚናገረው፤ ገና ግማሽ ሳይደርስ «ይሄ ነገር ወዴት እየሄደ ነው?» ብሎ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። በመድኃኒቱ ግን አልተስማማንም። ሦስቱን ክፍሎችማ ተምረናል! ዩቲዩብ ከፍቶ ያላያቸው ጀማሪ የለም። ችግራችን ሌላ ነው፣ እሱን ልንገራችሁ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እኔ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻና ክስ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ማታ ማታ ስክሪፕት፣ የፊልም ድርሰት ማለቴ ነው፣ እጽፋለሁ። እስካሁን የተቀረጸልኝ የለም፤ ስለዚህ የምናገረው እንደ ተማሪ ነው።

አንድ ጊዜ ባሕር ዳር አጭር የስክሪፕት ሥልጠና አለ ተብሎ ሄጄ ነበር። ማን እንዳዘጋጀው ይቅር። አሠልጣኙ ጥሩ ሰው ነው፣ ተጫዋች ነው፣ ግን ገና ስማችንን እንኳ ሳይጠይቅ አንድ ሠንጠረዥ አደለን። 15 ሣጥን አለው። ከየሣጥኑ ጎን የገጽ ቁጥር ተጽፏል። ገጽ 12 ላይ ነገር የሚቀሰቅስ ክስተት፣ ገጽ 25 ላይ ባለታሪኩ ወደ አዲስ ዓለም ይገባል፣ ገጽ 55 ላይ መሐሉ፣ ገጽ 75 ላይ ሁሉ ነገር አበቃለት። «ሙሉት» አለን። ሞላነው። ከጎኔ የተቀመጠች፣ ከዳንግላ የመጣች ልጅ፣ ምንም ሳታቅማማ ገጽ 75 ላይ እናትየዋን ገደለቻት። ለምን እንደምትሞት ብጠይቃት «እዚህ ጋ የሞት ሽታ መኖር አለበት ተብሏል» አለችኝ። ያን ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ ስንት እናት እንደሞተች እግዜር ይቁጠረው።

ሠንጠረዡ ከሰማይ አልወረደም። አሜሪካዊው ብሌክ ስናይደር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው፣ የተሰላውም 110 ገጽ ለሚሆን ስክሪፕት ነው። ከእሱ በፊት ደግሞ ሲድ ፊልድ እ.ኤ.አ. በ1979 ሦስቱን ክፍሎች በገጽ መድቦ አሳይቷል፤ ስክሪፕቱ 120 ገጽ ቢሆን 30ው ማስተዋወቂያ፣ 60ው ግጭት፣ 30ው መፍቻ። አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሲድ ፊልድ ይህን ያገኘው ጣራ ጣራ እያየ አይደለም። ለፊልም ኩባንያ ስክሪፕት እያነበበ የሚመርጥ ሠራተኛ ነበር። ክምር ስክሪፕት አነበበ፣ አብዛኛውን ጣለ፣ ጥቂቱን አስቀረ፣ ከዚያ የቀሩትን ምን እንደሚያመሳስላቸው አየ። ሠንጠረዥ የሚባለው ነገር የዚህ ሁሉ ንባብ ትርፍ ነው። ለእኛ ትርፉ ብቻ ነው የደረሰን። ንባቡ የለም።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ የአማርኛ ፊልም ስክሪፕት ታትሞ ሲሸጥ አይታችኋል? እኔ ደብረ ማርቆስ መጻሕፍት መደብር ጠይቄ አላገኘሁም፣ ባሕር ዳርም ጠይቄ አላገኘሁም። የመድረክ ተውኔት ይገኛል። ልቦለድ ሞልቷል። የግጥም መድበል የሚመረቅበት ቀን ብዛቱ! ስክሪፕት ስል ግን ሻጩ «የኮምፒውተር መጽሐፍ ነው?» አለኝ። አልፈረድኩበትም፣ ከየት ይወቀው?

የገጽ ቁጥሩ ነገርማ ሌላ ጣጣ አለበት። አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው የሚባለው ሒሳብ የተሠራው ኩሪየር በሚባለው የፊደል ዓይነት፣ በ12 መጠን፣ በእንግሊዝኛ ለሚጻፍ ገጽ ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢውን አንድ ላይ ይዞ ነው የሚቆመው፣ ስለዚህ ቃሉ አጭር ቦታ ይይዛል። ከዚያ ደግሞ አንዱ በኒያላ ይጽፋል፣ ሌላው በፓወር ግዕዝ፣ አንዱ በ11፣ ሌላው ዓይኑ ደከም ያለው በ14። ታዲያ ገጽ 25 የማን ገጽ 25 ነው? ጮክ ብሎ እያነበቡ ሰዓት መያዝ ይሻላል። እኔ የማደርገው እሱን ነው፤ ጎረቤቶቼ ለራሱ ማውራት ጀመረ ብለው እንደሆነ እንጃ።

ስለ አወቃቀር የገባኝ ትንሽ ነገር የመጣው ከሥራዬ ነው። ጎጃም መቼም በሙግት አይታማም፤ በላ ልበልሃ የሚባለው የጥንቱ የቃል ሙግት የሚታወቅበት አገር ነው። ሰው ወደ እኔ ሲመጣ ጉዳዩን ብቻ ይዞ አይመጣም፣ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። በቀደም አንድ አባት መጡ። ዱላቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስደግፈው፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። «ምን ልጻፍልዎት አባቴ?» አልኳቸው። ከአያታቸው ጀመሩ። ከአያታቸው ወደ ጣሊያን ዘመን፣ ከጣሊያን ዘመን ወደ 1989ኙ የመሬት ድልድል፣ በመሐል የሞተባቸው በሬ፣ ደግሞ አንድ ሠርግ ላይ ሰው ፊት የተዋረዱበት ነገር፣ ከዚያ ተመልሰው በሬው። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሲደክማቸው ጠብቄ «ዳኛው ምን ይፍረድልዎት?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ቆይተው «ጎረቤቴ ድንበር ገፍቶ ባሕር ዛፍ ተከለብኝ። ይንቀልልኝ» አሉ።

አለቀ። ከዚህ ወዲያ የትኛው እንደሚገባና የትኛው እንደሚወጣ ነገሩ ራሱ ይናገራል። ድልድሉ ይገባል፣ ድንበሩ የተለካው ያን ጊዜ ነዋ። አያትየው ይወጣሉ፣ ጣሊያንም ይወጣል፣ በሬውም ነፍሱን ይማር። ሠርጉ ላይ ግን ቆም አልኩ። ብጠይቃቸው ጎረቤትየው አማቻቸው ነው፤ ሠርጉ ላይ የተዋረዱት ከእሱ ጋር ተጣልተው ነው፤ ባሕር ዛፉ የተተከለው ከሠርጉ በኋላ በመጣው ክረምት ነው። ለክሱ አላስፈለገኝም። ፊልም ቢሆን ኖሮ ግን ዋናው እሱ ነበር፣ ድንበሩ ምክንያት ብቻ ነው።

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ያስቀምጣል። ተከራካሪዎቹ እነማን ናቸው? ለክሱ ምክንያት የሆነው ነገር ምንድን ነው፣ መቼና የት ደረሰ? የሚጠየቀው ዳኝነት ምንድን ነው? ስክሪፕት ስጀምርም የምጠይቀው እነዚህኑ ነው። ማን ነው፣ ምን ይፈልጋል፣ ማን ከለከለው። አንዲት ጥያቄ ብቻ ከራሴ እጨምራለሁ፤ አምና ዝም ብሎ ዛሬ ለምን ተነሳ? ይህች ጥያቄ የገጽ 12ን ሣጥን ያለ ምንም ቁጥር ትሞላዋለች። ብዙ የጀማሪ ስክሪፕት ባለታሪኩ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ሲያዛጋ፣ ጥርሱን ሲቦርሽ የሚጀምረው ይህች ጥያቄ ስላልተጠየቀች ይመስለኛል። ጥርሱንማ ትናንትም ቦርሿል።

ክስና ስክሪፕት አንድ ነው እያልኩ አይደለም። ክስ ላይ ተከሳሹ መልሱን የሚሰጠው በሌላ ወረቀት ነው። ፊልም ላይ ግን ተቃራኒው ወገን የራሱን እውነት ይዞ፣ እዚያው ትዕይንት ውስጥ፣ ፊት ለፊት መቆም አለበት። የእኛ ፊልሞች ብዙ ጊዜ ከሳሽ ብቻ የተናገረባቸው ናቸው። ሀብታሙ ክፉ ነው፣ እንጀራ እናት ክፉ ናት፣ በቃ። ክፉ የተባለው ሰው «እኔስ ምን ላድርግ?» ብሎ የሚናገርበት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሰጠውም።

አርስቶትልን ያለ ቦታው የሚጠሩም አሉ፤ ሦስቱን ክፍሎች የደነገገው እሱ ነው እያሉ። እሱ ያለው ሙሉ ነገር መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ አለው ነው፤ የገጽ ቁጥር ላይ እጁ የለበትም። እኔን ይበልጥ የጠቀሙኝ ሌሎቹ ሁለት ነገሮቹ ናቸው። አንደኛው፣ ብዙ ነገር በአንድ ሰው ላይ ስለደረሰ ብቻ አንድ ታሪክ አይሆንም ይላል። በሬውን ያስወጣው ይህ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ነገር ከሌላው ቀጥሎ መምጣቱና በሌላው ሰበብ መምጣቱ እጅግ ይለያያል ይላል። እኔ በበኩሌ ስለ አወቃቀር ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልሰማሁም።

አሁን ከምጽፈው ላሳያችሁ። አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ይተክላል። ዛፉ በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል፣ ተቆርጦ ከሰል ይከሰላል፣ መሬቱ እንደገና ይታረስና ከእህሉ ጋር ችግኝ ይተከልበታል። ታሪኬ የወንድምና የእህት ነው። እንዲህ ብዬ ብነግራችሁስ፤ አባት ይሞታል። ወንድምየው ከአዲስ አበባ ለለቅሶ ይመጣል። የከሰል ነጋዴ ይመጣል። እህትየው ከነጋዴው ጋር ትጣላለች። ኃይለኛ ዝናብ ይዘንባል። ወንድምየው ይታመማል። ሁሉም ሊሆን የሚችል ነው፣ ሁሉም ያለ ነገር ነው፣ ግን አንዱን መዝዛችሁ ብትጥሉት ሌላው ምንም አይሆንም። ሠንጠረዥ ውስጥ ግን ቁጭ ይላል! 15ቱም ሣጥን ይሞላል።

አሁን ደግሞ እንዲህ ልበላችሁ። ወንድምየው አዲስ አበባ ዕዳ አለበት፤ ስለዚህ ደኑ ገና ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ሆኖ ይቆረጥ ይላል። እህትየው ደኑን ከአባቷ ጋር የተከለች እሷ ናት፣ ሳይደርስ አይነካም ትላለች። እምቢ ስላለችው በድብቅ ከነጋዴው ቀብድ ይበላል። ቀብድ ስለተበላ ነጋዴው ቆራጮች ይዞ ይመጣል። ቆራጮቹን የምታስቆምበት መንገድ ስታጣ የወንድሟን ዕዳ ሽማግሌ ፊት ታወጣለች። ደኑ ይተርፋል፤ ወንድሟ ግን ያቺን ቤት ዳግም አይረግጥም። እስቲ ከዚህ ውስጥ ቀብዱን አውጡት። ቆራጮቹ ከየት ይመጣሉ?

ክፍሎቹስ? ራሳቸው ወጡ እኮ። ቀብዱ ከተበላ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም፣ የመጀመሪያው ክፍል እዚያ ያልቃል። ዕዳውን ለማውጣት ስትወስን ሁለተኛው ያልቃል። ስንተኛው ገጽ ላይ እንደዋለ ጽፌ ስጨርስ አየዋለሁ።

ወንድምየውንም ክፉ ላደርገው አልፈለግኩም። ቀብድ የሚበላበትን ትዕይንት ነጋዴው ቤት በረንዳ ላይ ነው ያደረግኩት፣ ቀን ነው። ነጋዴው ብር ቆጥሮ ከሻይ ብርጭቆው ሥር ያስቀምጣል። ወንድምየው አይነካውም። ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ስለ መንገዱ ያወራል። ነጋዴው «አባትህም ደኑን ልሽጥልህና ልታከምበት ብሎ ጠይቆኝ ነበር፣ እህትህ ከለከለችው» ይለዋል። ወንድምየው ይህን አያውቅም ነበር። ሻዩን አንስቶ ይጠጣል። ብርጭቆውን ሲመልስ ብሩ ሥሩ የለም። ትዕይንቱ ሲጀምር የሚያፍር ሰው ነበር፣ ሲያልቅ የተቆጣ ሰው ሆኗል፤ እህቱ ደግሞ የተደበቀ ነገር ያላት ሰው ሆናለች። አወቃቀር ትልቁ ፊልም ላይ ብቻ ሳይሆን በዚህች በሁለት ደቂቃዋ ውስጥም አለ ለማለት ነው። ሥልጠና ላይ ስለ ትዕይንት አንድም ቃል አልተነሳም፤ 15ቱ ሣጥን ሰዓቱን ጨረሰው።

ከልቦለድ መማር አይቻልም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይቻላል፣ ደግሞም እኛ ጎጃሞች በዚህ በኩል ታድለናል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የዚሁ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ሰው ናቸው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣውም በ1958 ዓ.ም. ነው (ያ ሕግና ይህ ልቦለድ በአንድ ዓመት መውጣታቸው ይገርመኛል)። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ያዳመጠ ትውልድ ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል። የባለታሪኩ የበዛብህ ወላጆች ልጁን ለእግዚአብሔር ተስለውታል፤ ስለቱ ባይኖር ፍቅሩ የዚያን ያህል ባልከበደ ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ ልጄ ከዘሯ በታች ለሆነ አትሰጥም የሚሉት እሳቸው፣ የድሃውን ልጅ በዛብህን አስተማሪ አድርገው ቤታቸው ያስገቡትም እሳቸው። መዓቱን በገዛ እጃቸው ጠሩት። ለሰበብና ውጤት ከዚህ የተሻለ መማሪያ አልፈልግም።

ግን ልቦለድ የማያስተምረው ነገር አለ። የዚሁ ልቦለድ ሰው ጉዱ ካሣ ገጽ ሙሉ ይናገራል፣ እኛም ደስ ብሎን እናነባለን። ካሜራ ፊት ያንን ሁሉ ቢናገርስ? ስክሪፕት ጸሐፊው ንግግሩን ቆርጦ በምን ይተካው? ሰውየው ምን ሲያደርግ እንየው? ይህን ሊያሳየን የሚችለው ይህንኑ ጣጣ የተወጣ ሌላ ስክሪፕት ብቻ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» አሁንን ከድሮ እያፈራረቀ የሚሄድ ፊልም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ በስክሪፕቱ ተሸልሟል። ፊልሙን አይቼዋለሁ። ወረቀት ላይ ምን ይመስል እንደነበር፣ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው ሲሻገር ምን ብሎ እንደጻፈ ማየት ግን አማረኝ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ጋዜጣችሁ ግጥም የሚወጣበት ዓምድ አለው፣ ይበል። ከጎኑ በየሳምንቱ አንድ ትዕይንት አትሙልን። ከተሠራ የአማርኛ ፊልም ይሁን፣ ጸሐፊው ፈቅዶ፣ ልክ እንደተጻፈው። ረጅም አይሁን። ከሥሩ ጸሐፊው ራሱ ጥቂት መስመር ያክልበት፤ ትዕይንቱ በፊት እንዴት ነበር፣ ሲቀረጽ ምን ተቆረጠ፣ ለምን። የተቆረጠው ለእኛ ከቀረው እኩል ያስተምራል። ፕሮዲውሰሮች «ሐሳባችን ይሰረቃል» ይሉ ይሆናል። የወጣ ፊልም ምኑ ይሰረቃል? ፊልሙ ራሱ ሳምንት ሳይሞላው ቴሌግራም ላይ አይደል እንዴ?

አሠልጣኞችም ቢያንስ አንድ ሙሉ ስክሪፕት አባዝተው ያምጡ። ሠልጣኙ መጀመሪያ ያንብብ፣ የት እንደሰለቸው የት እንደተያዘ ዳር ዳሩ ላይ ይጻፍ፣ ሠንጠረዡ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ያን ጊዜ ጥያቄ ይዞ ነው የሚቀበለው። ለፎቶ ኮፒ ብር የለንም እንዳትሉኝ፤ የሻይ ሰዓቱ ላይ የቀረበውን ኬክ አይቻለሁ።

የሚሰጣችሁ ሰው እስኪገኝ ድረስ ዓምዱ ባዶ ከሚሆን፣ የከሰሉን ታሪክ እልክላችኋለሁ፤ እህትየው ሽማግሌዎቹ ፊት የምትቆምበትን። ክፍያ አልፈልግም። ቦታ ጠቦን ቆረጥነው ካላችሁ ግን የቆረጣችሁት መስመር የትኛው እንደሆነና ለምን እንደተቆረጠ ከጎኑ ጻፉልኝ።

ከአክብሮት ጋር
ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ከደብረ ማርቆስ